ላፕቶፑን የከፈትን ዕለት

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ ላፕቶፕ መፍታት ነበር። ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ የጠረጴዛ ልብሱን ሲያሞቀው። ዓርብ ሞተ። በመካከሉ ሐሙስ የሚባል ቀን ነበር፤ ምን እንደሠራንበት ግን እስከ ዛሬ ትዝ አይለኝም።

አሁን ይህን ስጽፍ ከላፕቶፑ ጎን የሚወጣው ሞቃት አየር የእጄን ጠርዝ ይነካኛል። የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ አለው፤ ከሳጥኑ ገና እንደወጣ አዲስ ጫማ። ሽታው በመጣ ቁጥር ያ ረቡዕ ይመጣል። "እንዲህ ያለውን ነገር አታስቢው፣ ይጎዳሻል" የሚሉኝ አሉ። አስበዋለሁ።

ላፕቶፑን የገዛችልኝ ልጃችን ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በመሥሪያ ቤት ታይፒስትነት የሠራች ሴት ጡረታ ወጥታ ዝም ብላ መቀመጥ የለባትም ብላ ነው። "እማዬ፣ የምታስታውሺውን ጻፊ" አለችኝ። በእኛ ቤት የአዲስ ዕቃ ላስቲክ አይላጥም፤ የቴሌቪዥኑም የፍሪጁም ላስቲክ በራሱ ጊዜ እስኪረግፍ ነው የቆየው። ከላፕቶፑ ሆድ ላይ የተለጠፈውንም ስስ ላስቲክ እንዳለ ተውኩት። አልበቃኝም፤ ከሥሩ የሚነጠፍ፣ ከላዩም የሚሸፍነው ነጭ ዳንቴል ሠራሁለት። የክሩን ጫፍ የቆረጥኩት እዚያው ላፕቶፑ ላይ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ንብ፣ ቆይቶ እንደ ወፍጮ ቤት። ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው በቀሚሴ አልፎ ያቃጥለኛል። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ጮኸ።

"አንቺ ሴትዮ፣ አውሮፕላን ልታስነሺ ነው እንዴ?"

"ና እስቲ ስማው።"

መጣና ጆሮውን አስጠጋ። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። "የሆነ ነገር ማራገቢያውን እየነካው ነው" አለ።

ድምፅ ያውቃል። ዕድሜውን የጨረሰው የጽሕፈት መኪና በመጠገን ነው፤ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሁለት ሰው የማትይዝ ሱቅ ነበረችው። የተዋወቅነው እኔ ፒያሳ፣ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ በነበረ የታይፕ ትምህርት ቤት ስማር ነው። ሃያ መኪና ባንድነት ሲንጣጣ የእንጨቱ ደረጃ ይንቀጠቀጥ ነበር። ክፍሉ የቀለምና የቤንዚን ሽታ ነበረው፤ እሱ እየመጣ ፊደሎቹን በቤንዚን ያጥባቸዋል። አንድ ቀን መኪናዬ ተቆለፈችብኝና በፀጉር ማስያዣዬ ላላቅቃት ስታገል ከኋላዬ ደረሰ።

"እጅሽን አንሺ!" አለኝ በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት። "ምን እንደምትነኪ ሳታውቂ መኪና አይነካም።"

ሦስት ቀን ሰላም ሳልለው ቀረሁ። በአራተኛው ቀን ተጋባን ብል ታሪኩ ያምር ነበር፤ እውነቱ ግን ሁለት ዓመት ፈጀ። ተጋብተንም ቢሆን ካቻቢቴውን አስነክቶኝ አያውቅም። ሱቁ ተዘግቶ መሣሪያው በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁምሳጥን ከገባ በኋላ እንኳ ቦታውን እንዳልነካካበት ያየኝ ነበር። በኋላ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጁ የሚይዝ ሰው ሆነ።

ላፕቶፑን ይዘን ፒያሳ፣ ወደ ተገዛበት ሱቅ ሄድን። ባለሙያው ጢሙን ያሳመረ ጎልማሳ ነው፤ ሳያነሳው በሩቁ አየው።

"አባባ፣ አዲስ እኮ ነው። ሁሉም ይጮኻል፣ ይልመዱት።"

"ዕድሜዬን ታይፕ ጠግኛለሁ፤ የሚጮህ መኪና ይጠገናል እንጂ አይለመድም" አለ ባለቤቴ።

"ይሄ ታይፕ አይደለም፣ አባባ። ደግሞ በዚህ እጅዎ እንዳይከፍቱት አደራ! ዋስትናው ይበላሻል።"

ባለቤቴ እጁን ኪሱ ከተተ። ወደ ቤት ስንመለስ ከኪሱ አላወጣውም። የፒያሳ ሰው ሳይጨባበጥ አያልፍም፤ የድሮ ደንበኞቹ እጃቸውን ሲዘረጉለት በአንገቱ ብቻ ሰላም እያለ አለፋቸው። አንዱ "ምነው፣ ሚኒስትር ሆንክብን እንዴ?" ብሎ ቀለደ። አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረደም።

ረቡዕ ጠዋት ተነሥቶ ፊቱን ተላጨ። ጉንጩ ሁለት ቦታ ደምቷል።

"መሣሪያውን አምጪ" አለኝ።

"ዋስትናውስ?"

"እኔ ነኝ ዋስትናው።"

ላፕቶፑን አብርቼ ገለበጥኩለት። ላስቲኩን አየና በጥፍሩ ቆንጥሮ ሳበው፤ ማስተንፈሻ ቀዳዳዎቹን ድፍን አድርጎ ኖሯል። "ፋብሪካው መተንፈሻ አውጥቶ የሠራውን አንቺ አፍነሽው ነው እኮ የሚጮኸው!" አለና ከስንት ጊዜ በኋላ ከሆዱ ሳቀ። ላስቲኩ ሲነሳ ሙቀቱ ቀነሰ፤ ጩኸቱ ግን አለ። አጠፋነው። ትንሿን የሰዓት ካቻቢቴ ያዘ። ብሎኑ ላይ ሊያሳርፋት ሞከረ፤ ተንሸራተተች። እንደገና ሞከረ፤ ተንሸራተተች። በሦስተኛው የላፕቶፑን ጀርባ ጫረችው። ስጠኝ አላልኩትም። ብጠይቀው ኖሮ ሁሉንም መልሶ ይጠቀልለው ነበር። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ ጠበቅኩ።

"እንኪ" አለ። "ቀጥ አድርጊያት። ተጫኝ፣ ከዚያ አዙሪ።"

አሥር ብሎን ፈታሁ። እሱ በባዶ የእንቁላል ማስቀመጫ ውስጥ በየተራቸው አስቀመጣቸው። ክዳኑን በአሮጌ መታወቂያው ጠርዝ አስለቀቀኝ፤ የባትሪውን ገመድ ቀድሜ እንድነቅል አዘዘኝ። ከውስጥ አንዲት ጥቁር ማራገቢያ አለች፤ እንብርቷ ላይ ነጭ ክር ተጠምጥሟል። የእኔ ክር፣ የዳንቴሌ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እሱ ግን በእኔ ጥፋት ያን ሁሉ ቃል ሰምቶ ነበር።

"ለእሷም ሹራብ ልትሠሪላት ነበር?" አለ። ክሩን በወረንጦ አወጣሁት። ክንፎቹን በቡሩሽ ስጠርግ "በአንድ ጣትሽ ያዣት፣ በከንቱ አትሽከርከር" ይለኛል። ስዘጋ ተራቸውን አሳስቼ ኖሮ አንድ ብሎን ከቀዳዳው ረዝሞ ተረፈኝ። "ተወው፣ ዘጠኙ ይይዘዋል" ስለው ተቆጣ፤ ያ የታይፕ ትምህርት ቤቱ ቁጣ። "ክፈቺው! መኪና ላይ ትርፍ የሚባል ነገር የለም።" ደግሜ ፈታሁ፣ ደግሜ ገጠምኩ።

ስናበራው የላፕቶፑ ጩኸት ጠፍቷል። ጆሮውን አስደገፈበት፤ እኔ ጉንጩ ላይ ያለችውን የደረቀች የደም ነጠብጣብ እያየሁ ነበር። "ቅዳሜ ይዘነው እንሄዳለን" አለ። "ያ ሰውዬ ይስማው።"

ቅዳሜ ቀበርነው።

አርባውን ባወጣን ማግስት ጥቁሬን እንደለበስኩ ብቻዬን ሄድኩ። ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ አበራሁት።

"ስማ" አልኩት።

ሰማ። ገልብጦም አየው፤ ጭረቱን አገኘ። "ማነው የከፈተው?"

"ባለቤቴ። የእኔን እጅ ተውሶ።"

"እማማ፣ እንግዲህ ዋስትና የሚባል የለም።"

"አይኑር።"

ያኔ ልብሴን አየ። "አባባስ?"

"አርባውን ትናንት አወጣን።"

ከወንበሩ ተነሣ። "ነፍስ ይማር። ያን ቀን... አፌ አመለጠኝ፣ እማማ።"

"አዎ፣ አምልጦሃል" አልኩት። አላጽናናሁትም። እኔ ለማጽናናት አልሄድኩም። ላፕቶፔን አንሥቼ ወጣሁ፤ በመንገድ ላይ የሚያውቁኝ እጃቸውን ሲዘረጉልኝ አንድ በአንድ ጨበጥኳቸው።

ላፕቶፕ ትጠግናለች የሚለው ወሬ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። መጀመሪያ የሚጮህ ላፕቶፕ ያመጣችው የግቢያችን ነዋሪ የሆነች መምህርት ናት፤ ቀጥሎ ወንድሟ መጣ፤ ከዚያ የማላውቃቸው ሰዎች። ልጄ አልወደደችውም። "እማዬ፣ ገና ዓመቱ ሳይሞላ፣ በጥቁር ልብስሽ? ሰው ምን ይላል?" አለችኝ።

"የሚለው ያለው ይበል፤ የሚጮህበት ያለው ያምጣ።"

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት የሰፈሩን ሰው ላፕቶፕ እከፍታለሁ፤ በቀሩት ቀኖች እጽፋለሁ።