የአባቴ ውጅግራና አንካሳው ጅብ

ወንድሜ ጌታሁን ጠመንጃዬን የወሰደብኝ በአባታችን አርባ ቀን ነው። የተዝካሩ እንግዳ ገና ሳይነሳ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ከግድግዳው አውርዶ አነገተው። አባቴ ለእኔ እንደተናዘዘ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። አደን ይዞኝ ይወጣ የነበረው እኔን ነው፤ ጌታሁንን ፀሐይ ያመው ነበር። «ሴት በጠመንጃ ምን ታደርጋለች? ሽንኩርት ትከትፍበታለች?» አለ። ሰው ሳቀ። እነማን እንደሳቁ አልረሳሁም።

እናንተ ልጆች የጅቡን ታሪክ ከእሱ አፍ ሰምታችኋል። አሁን ደግሞ ከእኔ ስሙት።

ጠመንጃው ውጅግራ ነው፤ የፈረንሳይ ሥራ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ከአያቴ የወረደ። ጌታሁን ከጓደኞቹ ጋር ከከተማ እየወጣ ጠርሙስ ሲመታበት ኖረ። ሲመለስ ወፍራም የብረት ዘንግ በአፈሙዙ በኩል እየከተተ ይፈትገዋል። በርሜል የሚጸዳው ከኋላ፣ ጥይት ከሚገባበት በኩል ነው። በአፈሙዝ በኩል ብረት ስትከቱ፣ ጥይቱን የሚያሾሩት ጠመዝማዛ መስመሮች ጫፋቸው ላይ ይበላሉ። አባቴ ይህን ያስተማረኝ ገና የወተት ጥርሴን ነቅዬ ሳልጨርስ ነው። ጌታሁን ግን አብረቅራቂ ከሆነ ደህና ይመስለዋል።

አንድ ቀን መጥቶ ከነብረት ዘንጉ በር ላይ አስቀመጠው። «እንኪ፣ አርጅቷል። አሁን የሴት ሆኗል» ብሎኝ ሄደ። ለምን እንደመለሰው ያኔ አልገባኝም።

ወረቀት ላይ ተኮስኩበት። ቀዳዳው ክብ መሆን ሲገባው ረጅም ሆነ፤ ጥይቱ እየተገለባበጠ በጎኑ ነበር የመታው። ካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር ብረት ወደሚሠሩት ጋሽ በየነ ወሰድኩት። ጋሽ በየነ ዕድሜያቸውን በባቡር ጋራዥ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። በርሜሉን ወደ ብርሃን አቅንተው አዩና «ውስጡ ደህና ነው፣ የተበላው አፉ ነው። ቆርጠን እንጥላለን» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የአባቴ ጠመንጃ ነው፤ እንዴት ይቆረጣል?»

«እንግዲያው ግድግዳ ላይ ስቀይውና እያየሽው አልቅሺ» አሉ።

ተቆረጠ። አፉን አስተካከሉት፣ የማነጣጠሪያውን ጉጥ መልሰው በየዱት። እኔ ዝገቱን በዘይትና በጨርቅ አወጣሁ፣ የተሰነጠቀውን ሰደፍ አጣበቅሁ። መጀመሪያ የተኮስኩት ጥይት ወረቀቱን እንደ ሳንቲም ክብ አድርጎ በሳው። ጋሽ በየነን እዚያው አቀፍኳቸው፤ እኔ ሰው የማቅፍ ሴት አይደለሁም።

ጥር ነበር፤ ሙቀቱ የረገበበት፣ ዝናብ ጥሎ ደረቁን ወንዝ ያረጠበበት ሰሞን። ወተት የምታመጣልን አፋሯ ፋጡማ እያለከለከች መጣች። ፍየሎቿን ሲጨርስ የከረመው አንካሳ ጅብ የልጇን ክንድ ነክሶ ነበር። የዣንዳርም ፖሊሱ አለቃ «አደን ክልክል ነው፤ ሰው የለመደ ጅብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው» ብሎ ፈቀደ። ጌታሁንም ጠመንጃው መጠገኑን ሰምቶ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ከተፍ አለ። «ወንድ ሳይኖር አትሄዱም። ጠመንጃው በደንብ ከተኮሰ ደግሞ ወደ እኔ ይመለሳል» አለ።

ጎህ ሲቀድ ከከተማው ወጣን። ጭቃው ላይ ዱካው እንደ ማኅተም ተቀምጧል። የጅብ የፊት እግሩ ከኋላው ይሰፋል፣ ጥፍሩም ይታያል፤ የዚህኛው ግን የቀኝ የኋላ እግሩ ጭቃውን ብቻ ጭሮ ያልፋል። ነፋሱ ከባሕር ነበርና ሽታችን ወደ ጅቡ እንዳይሄድ ዞረን ነፋሱን ፊት ለፊት ያዝነው። ልቤ ይመታል፣ ግን ደስታ ነው፤ ከአባቴ ወዲህ እንደዚያ አልሄድኩም። ፋጡማ ጥቁር ድንጋዮች የተቆለሉበት ዋሻ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ሽታውን ሳበች። «እዚህ ነው፣ ወላሂ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ቦታ እስክይዝ ጠብቁ ብዬ በእጄ አመለከትኩ። ጌታሁን አልጠበቀም። «ምን ትንቀረፈፊያለሽ!» ብሎ ድንጋይ አንስቶ ወደ ዋሻው ወረወረ።

ጅቡ እንደ ተወረወረ ግንድ ወጣ። ጌታሁን ሲሮጥ መነጽሩ ወደቀ፤ ጅቡ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረ። ተንበርክኬ ቃታውን ሳብኩ። ቀጭ አለ። ሌላ ምንም የለም።

ጥይቶቹ አባቴ በቆርቆሮ ያስቀመጣቸው አሮጌዎች ናቸው። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ይደነግጥና ጥይት ለመቀየር ማጉረሻውን ይከፍታል፣ የዘገየው ባሩድም ፊቱ ላይ ይፈነዳል። የአባቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፦ «ቀጭ ካለ አትንኪው። ዒላማሽን አትልቀቂ፣ ጠብቂ።» ጅቡ ከዚህ እስከ በሩ ድረስ ያለው ርቀት ሲቀረው ጥርሱ ይታየኛል፣ ጉጡን ደረቱ ላይ እንደያዝኩ አልነቃነቅም። ፋጡማ ትጮኻለች። ያኔ ጠመንጃው ትከሻዬን ደለቀኝ።

ነጩ ጭስ ሁሉን ሸፈነ። ሲገለጥ ጅቡ ጉልበቴ ሥር ወድቋል። እኔ እየሳቅሁ ነበር።

ፋጡማ የቀኝ የኋላ እግሩን ገለበጠች። አጥንቱ ተሰባብሮ ጠሟል፤ ከቁስሉ ውስጥ በቢላዋ ያወጣችው የውጅግራ እርሳስ ጥይት ነበር። ወረቀቱ ላይ እንዳየሁት ተገለባብጦ በጎኑ የገባ። ጌታሁን ከድንጋዩ ኋላ ብቅ ሲል መዳፌ ላይ አሳየሁት። ጠመንጃውን የመለሰልኝ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጅቡን አቁስሎ ነበርና ጠመንጃው እጁ ላይ እንዳይገኝ ነው። «ማንም አላየም፣ ተይው» አለኝ።

በማኅበራችን ድግስ ላይ ግን ጌታሁን «ጅቡን የጣልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ያወራ ጀመር። እስኪጨርስ ጠበቅሁ። ቤት ሄጄ ጠመንጃውንና ያንን የብረት ዘንግ አምጥቼ ሰጠሁት። «እንግዲህ የተኮሰው ሰው ይወልውለው» አልኩ። ሳያስብ ዘንጉን በአፈሙዙ በኩል ሊከት አነሳ። አፉ በምን እንደተበላ የገባቸው ጋሽ በየነ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «በቃ፣ ስጣት» አሉት። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ዛሬም ሰው ሲያናድደኝ ቀጭ የሚለውን እሰማለሁ። ዒላማዬን ሳልለቅ እጠብቃለሁ።

በሳምንቱ የጠመንጃውን ፈቃድ በስሜ አዛወርኩ። ጌታሁን ሲሞት ልጆቹ «የአባታችንን ንብረት» ብለው መጡ። የብረት ዘንጉን ሰጠኋቸው።