ከሆስፒታል ማን ይወስደኛል?

ይሄ ነገር ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ለፊት ቀዶ ጥገና በምዘጋጅበት ሰሞን ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ከሕመሙ ይልቅ ንዴቱ ይቀድማል።

ስወለድ ወንድ ነው ተባለ፤ እንደ ወንድም አደግኩ። ሴት ሆኜ መኖር የጀመርኩት ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ ከገባሁ ከዓመታት በኋላ ነው። ዳውንታውን አንድ ሆቴል በር ላይ የእንግዶች መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። ፀጉሬ ረጅም ነው፤ ጆሮዬም ላይ ሎቲ አለ። እንግዳው ግን ቁልፉን ሲሰጠኝ ቀና ብሎ ግንባሬንና መንጋጋዬን ያይና "ታንክ ዩ፣ ሰር" ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ሰር፣ ሰር፣ ሰር። ብዙዎቹ በክፋት አይደለም፤ አጥንቱን አይተው ነው። እኔም አጥንቱን ለማስተካከል ወሰንኩ። የግንባሬ አጥንት ዝቅ እንዲል፣ መንጋጋዬ እንዲጠብ፣ ባጭሩ ፊቴ የሴት መልክ እንዲይዝ።

ዝግጅቱ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ኢንሹራንሱ አንዴ እሺ ይላል፣ አንዴ እምቢ። ሲጋራ አቁሚ አሉኝ፣ አቆምኩ። የደም ምርመራ አሉኝ፣ ሄድኩ። ሁሉን ጨርሼ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ስወጣ የሚረከበኝና ቤት አብሮኝ የሚቆይ ሰው። ታክሲ ጠርቶ መሄድ አይቻልም። የሚያውቀኝ ሰው ራሱ መጥቶ ካልወሰደኝ ኦፕሬሽኑ የለም።

አትላንታን አበሻ ሾፌር ሞልቷታል። እኔን ከሆስፒታል የሚያወጣ ሾፌር ግን ጠፋ።

መጀመሪያ እሺ ያለችኝ ጓደኛዬ ሳምሪ ነበረች። "ምን ሆነሻል፣ እኔ እያለሁልሽ!" አለችኝ። ቀኑ ደረሰ። ምግብ ሳልቀምስ ሚድታውን ሄጄ፣ የሆስፒታሉን ልብስ ለብሼ፣ እጄ ላይ መርፌ ተሰክቶልኝ አልጋ ላይ ተኝቻለሁ። ነርሷ መጥታ "ማን ነው የሚወስድሽ?" ስትለኝ ሳምሪ ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው። ደጋግሜ ደወልኩ። ሐኪሙ ሰዓቱን ሲያይ ቴክስት ገባ።

"ባሌ ሰማ። አበሻ ቢያየኝስ? ይቅርታ የኔ ቆንጆ።"

ካንስል አደረጉት። መርፌው ከእጄ ተነቀለ፤ ልብሴን ለብሼ በባዶ ሆዴ ወደ ቤት ተመለስኩ። መቅረቷ አናዶኛል፤ "የኔ ቆንጆ" ማለቷ ግን ባሰብኝ።

ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት ወራት ፈጀ። እስከዚያ የማውቃቸውን ሁሉ ጠየቅኩ። አንዱ ሺፍት አለብኝ አለ። አንዷ እጸልይልሻለሁ አለችኝ። ጸሎት መኪና አይነዳም።

በመጨረሻ ጋሽ ሙሄን ጠየቅኳቸው። ጋሽ ሙሄ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሆቴላችን ፊት ለፊት ታክሲያቸውን አቁመው ሰው ይጠብቃሉ። ገና አገሩን ሳለምድ መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ የረዱኝ እሳቸው ናቸው። ፀጉሬን ሳሳድግ አይተዋል፤ ሎቲውንም አይተዋል። አንድም ቀን ነገሬ ብለው አያውቁም። የሚጠሩኝ ግን በድሮ ስሜ ነው።

"ጋሽ ሙሄ፣ የፊት ኦፕሬሽን አለብኝ። የሚወስደኝ ሰው የለኝም" አልኳቸው።

"መቼ ነው?"

"ረቡዕ ነው፤ የምወጣው ሐሙስ ጠዋት።"

"እመጣለሁ" አሉ። ፊቴ ምን ሆኖ እንደሆነ እንኳ አልጠየቁኝም።

መጡም። ሆስፒታል አንድ ሌሊት አድሬ ነበር። ጭንቅላቴና አገጬ በፋሻ ተጠምጥሟል፤ ዓይኔ አብጦ በቀጭን ስንጥቅ ነው የማየው። ነርሷ ለጋሽ ሙሄ ማስረዳት ጀመረች። ራሷን ከፍ አድርጋ ትተኛ፤ የምታኝከው ነገር እንዳትሰጣት፤ ፊቷ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ያዝላት። እሳቸው "ኦኬ፣ ኦኬ" ይላሉ። ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።

ደግፈው ታክሲያቸው ውስጥ አስገቡኝ። ሀይዌዩ ላይ ከወጣን በኋላ "ነርሷ ሺ፣ ሺ እያለች እንደ ሴት ስትጠራህ ተሳስታ መስሎኝ ላርማት ነበር" አሉ።

"አልተሳሳተችም" አልኩ። አፌ አልከፈት ስላለኝ በጥርሴ መሃል ነው ያወጣሁት።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርዎት ይመጡ ነበር?"

"እንጃ" አሉ። "እሱን መወሰን የነበረብኝ እኔ ነኝ።"

ተናደድኩ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ሲሠራ፣ ጉልበቱን ሲቀይር ማንንም አያስፈቅድም። እኔ ግን ወደ ቤት ለመመለስ ሕይወቴን ማስረዳት አለብኝ። ልመልስላቸው ብል አፌ የታሰረ ነው። በንዴት ነደድኩ።

መንገድ ላይ ያወርዱኛል ብዬ ነበር። ኬኔሶ ያለው አፓርታማዬ ድረስ ወሰዱኝ፤ ደረጃውን ደግፈው አወጡኝ። ፍሪዘሬ ውስጥ ያገኙትን አተር በፎጣ ጠቅልለው ጉንጬ ላይ ያዙልኝ። የሶላት ሰዓታቸው ሲደርስ የቂብላውን አቅጣጫ በስልካቸው አይተው ኩሽና ውስጥ ሰገዱ፤ ተመልሰውም አተሩን ያዙ። ሳይሠሩ ውለው ማታ ወደ ቤታቸው ሄዱ። አንድም ቃል አላወሩኝም።

በማግስቱ ጠዋት መስተዋት ፊት ቆምኩ። ጥቁርና ቢጫ የሆነ፣ እንደ ሊጥ ኩፍ ያለ ፊት አየሁ። ግንባሬ ደንዝዟል፤ ከንፈሬ ምራቄን መያዝ አቅቶታል። ስልኬ እንኳ ፊቴን አላውቅም ብሎ አልከፈት አለኝ። ለዚህ ነው ያ ሁሉ መከራ? ብዬ አለቀስኩ፤ እንባው ደግሞ ያበጠው ጉንጬ ላይ ሲወርድ ያቃጥላል።

ጋሽ ሙሄ በሩን አንኳኩ፤ ከፍቼ ተመልሼ ተጋደምኩ። "እንዴት አደሩ?" ሲሉ ሰማሁ። ሌላ ሽማግሌ አብሮ የገባ መስሎኝ ደነገጥኩ።

"ማንን ነው ጋሽ ሙሄ?"

"እርስዎን ነዋ" አሉ። "ባለቤቴ አጥሚት ልካለች። ቀና ይበሉ።"

ሌሊቱን ሲያስቡበት አድረው ኖሯል። አንቺ ማለት አቃታቸው፤ አንተ ማለትም ከበዳቸው። ስለዚህ በስድሳ ምናምን ዓመታቸው የልጃቸውን እኩያ አንቱ ማለት ጀመሩ! ልስቅ ብል ፊቴ አይታጠፍም። አጥሚቱን በማንኪያ እያጎረሱ "ትንሽ ይጨምሩ፣ ባዶ ሆድዎን መድኃኒት አይዋጥም" ይሉኛል። እብጠቱ እስኪጎድል ድረስ በየቀኑ መጡ።

ሥራ ስመለስ ከታክሲያቸው ወርደው "እንደምን ዋሉ? ተሻለዎት?" ብለው ጮኹ። ሾፌሮቹ ማን ባለሥልጣን መጣ ብለው ዞሩ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ጠጋ ብዬ "ጋሽ ሙሄ፣ አንቺ ይበሉኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም" አልኳቸው።

"ምላሴ እምቢ አለኝ" አሉ አንገታቸውን ደፍተው። "የማምንበትን አልዋሽም። እርስዎንም ማስቀየም አልፈልግም። ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ።"

አሁን ፊቴ ድኗል። ግንባሬ ለስልሷል፤ መንጋጋዬም ጠቧል። እንግዳው ቁልፉን ሲሰጠኝ ሳያስብበት "ታንክ ዩ፣ ማም" ይላል። የመጀመሪያው ቀን ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናውን አቁሜ ብቻዬን ጮኼያለሁ።

ግን አልዋጥ ያለኝ አንድ ነገር አለ። ስሜን የማያውቅ መንገደኛ በአንድ እይታ የሚሰጠኝን፣ በእጃቸው ያጎረሱኝ ሰው ይነፍጉኛል። ልቆጣቸው ስል አጥሚቱ ትዝ ይለኛል። ላመሰግናቸው ስል "እርስዎ" ይሉኝና እንደገና እናደዳለሁ።

ሳምሪ አሁን ፎቶዬን እያየች ልብ ትልክልኛለች፤ አንቺ፣ የኔ ቆንጆ፣ ሁሉንም ትለኛለች። ነገ ሌላ ኦፕሬሽን አለብሽ ብባል ግን የምደውለው ለጋሽ ሙሄ ነው። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው።