ሳቂታና የተቆጣው ደሟ

ሰፈርተኛው የሚያውቃት በቅጽል ስሟ ነው፤ ሳቂታ። የሴቶች ጸጉር ቤት አላት። መቀሷና ምላሷ እኩል የሚሠሩ፣ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጠችን ደንበኛ ከማሽኑ ድምፅ በላይ ጮኻ የምታስቅ ሴት ነበረች።

አንድ ክረምት ዝም አለች። እንቅልፍ ራቃት፤ ምግቡ ሁሉ አፈር አፈር አላት፤ ማበጠሪያ ማንሳት እንኳ ከበዳት። በመጨረሻ ሱቋን ዘግታ አልጋ ላይ ዋለች።

ያሳደገቻት አክስቷ በሩ ላይ ቆማ ትቆጣለች።

«ምን ጎደለሽ? ቤት አለሽ፣ ሙያ አለሽ! ይሄ ስንፍና ነው።»

የሚያሳዝነው፣ ሳቂታም አመነቻት።

ጸጉር ቤቱ ተዘግቶ ሲሰነብት አንዲት ነርስ ደንበኛዋ ቤቷ ድረስ መጣች፤ አይታም ዝም አላለች፤ ደግፋ ሆስፒታል ወሰደቻት። ሐኪሟ ረጅም ሰዓት አዳመጠቻትና «ድባቴ ነው፤ ይታከማል» አለቻት። መድኃኒት ካዘዘችላት በኋላ ጨመረች፦

«ጥናት እየሠራን ነው። ፈቃድሽ ከሆነ፣ መድኃኒቱን ሳትጀምሪና ከጀመርሽ በኋላ ደምሽን እንመርምር።»

«ድባቴ በደም ይታያል እንዴ?»

«እሱን ነው የምናጠናው። ሰውነት እንደ ቁስል ሲቆጣ ደም ውስጥ የሚጨምር ምልክት አለ፤ አንዳንድ ሰው ላይ ከፍ ብሎ እናገኘዋለን። ሁሉም ላይ ግን አይደለም።»

ሳቂታ እጅጌዋን ሰበሰበች። ምልክቱ እሷ ላይ ከፍ ብሎ ተገኘ።

መድኃኒቱ መጀመሪያ አፏን ከማድረቅና ከማቅለሽለሽ በቀር የፈየደላት ነገር አልነበረም። ልትተወው ስትል ነርሷ «እባክሽ ታገሺ፣ ለሐኪሟም ንገሪያት» አለቻት። ታገሠች። ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት በመስኮት ስታይ፣ ግንባሯ ላይ ያለው ጸጉር ተንጋዶ የተቆረጠ ሴት አለፈች። «ምነው መቀስ በያዝኩ!» ስትል ራሷን ሰማች። ደነገጠች፤ ከዚያ ሳቀች።

ሁለተኛው የደም ውጤት ሲመጣ ምልክቱ ወርዷል። ሳቂታ ከወንበሯ ዘለለች።

«ቀስ!» አለች ሐኪሟ፣ ሳቋን እየታገለች። «እሱ ሳይወርድ የሚሻላቸው አሉ፤ ወርዶም የማይሻላቸው አሉ። ገና እየተማርን ነው። መድኃኒቱንም በራስሽ እንዳታቆሚ።»

«እሺ ዶክተር። ግን ከኔም እየተማራችሁ ነው፣ አይደል?»

«ካንቺም ነው።»

ሳቂታ ስትወጣ እግሯ መሬት አልነካም። ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ወደነበረችው አክስቷ ገስግሳ ገባች።

«እትዬ! የተቆጣሽኝ አንቺ ብቻ አልነበርሽም፤ ሰውነቴም ተቆጥቶ ነበር! ደሜ ላይ ታየ! አሁን በረደ!»

ሁሉንም ነገረቻት። አክስቷ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ልጄ... ባሌ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ መነሳት ያቅተኛል። እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ። የኔም ደም ላይ ይታይ ይሆን?»

«ሐኪሞቹ መጀመሪያ የሚፈልጉት ወሬሽን ነው፤ ደሙ ኋላ ይደርሳል።»

«ወሬማ ሞልቶኛል!»

በማግስቱ ሁለቱም ከሐኪሟ ክፍል ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አክስቷ ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ ስታስቅ ቆየች። ተራዋ ሲደርስ ግን የሳቂታን እጅ ጭብጥ አድርጋ ይዛ ገባች።