የተረፈው ቅቤ

ወላጅ እናቴ ሻሿን ፈታ ፊቴ ተቀመጠችና "እጄ እምቢ አለኝ፤ ራሴን ቀቢኝ" አለችኝ። ለጋውን ቅቤ መዳፌ ላይ ሳደርገው፣ ሽታው የዚያን ዓመት የዓረፋ ዋዜማ አመጣብኝ።

ጃንሆይ ከመውረዳቸው አንድ ዓመት በፊት ነው፤ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከአሰላ ወጣ ብሎ ባለው ግቢያችን አባቴ ሁለት ሚስቶች ነበሩት። ትልቋ መካን ስለነበረች፣ ታናሿ እኔን ወልዳ በጉዲፈቻ ሰጠቻት። የወለደችኝን "አክስቴ" እያልኩ አደግሁ።

ያን ቀን አክስቴ ሦስት ሴት ልጆቿን ደጃፏ ላይ ደርድራ ፀጉራቸውን ትቀባ ነበር። እኔም ሄጄ ከመጨረሻዋ ጎን ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ፣ መዳፏ ላይ የተረፈውን ቅቤ ቅልጥሟ ላይ ጠረገችው።

"እናትሽ ትቀባሽ" አለችኝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

የአባቴ እናት አጥሩ ስር ተቀምጠው ያዩ ነበር። "ደግ አደረግሽ" አሏት። "የሰጡትን ልጅ አይዳብሱም። የዳበሱት እንደሆነ ከሁለቱም ቤት ይጎድላል።"

ዛሬ ከሦስቱ ልጆቿ አንዷም አትጠይቃትም። "ቶሎ በይ እንጂ ልጄ፣ በረደኝ" ትለኛለች። ቅቤው በጣቶቼ መሃል እየቀለጠ ነው፤ ዓይኔ ግን የራሴ ቅልጥም ላይ ነው።