የኪት ኮከብና የኔቪል ግራሶ

ሎርናን የማያውቅ ሰው እኛ አገር የለም። ለበጎቻችን ውኃ የሚስቡትን የንፋስ መዘውሮች ስትጠግን ነው የኖረችው፤ ሙያውን ከአባቷ ወረሰች። ጉልበቷ እምቢ ሲላት ከመዘውሮቹ ማማ ወረደች እንጂ እጇስ መች አርፎ።

ባሏ ኪት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ትልቅ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ዘበኛ ነበር። ሳይንቲስቶቹ ስለሚወዱት ቴሌስኮፑ ከሰማይ የሚቀበለውን የአንድ የሞተ ኮከብ የሬዲዮ ምት በድምፅ ማጉያ ያሰሙት ነበር። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፤ ዝንፍ አይልም። ጡረታ ወጣ፣ ከዚያ ዓይኑ ጠፋ፣ ሰውየው ከወንበሩ አልነሳ አለ። የተቀዳውን ቢያሰሙት፣ ይሄማ የታሸገ ዓሣ ነው፣ ሕይወት የለውም ብሎ አስዘጋው።

ሎርና እሱን ከዚያ ወንበር ለማስነሳት ቆረጠች። የአሮጌ መዘውር ክንፍና ቁርጥራጭ ብረት በይዳ ግቢዋ ውስጥ ሐውልት አቆመች። ንፋሱ ድንጋይ ወደ ላይ ይጎትታል፤ ድንጋዩ ቀስ ብሎ ሲወርድ መዶሻው በኮከቡ ምት ብረቱን ይመታል። ክንፉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ሲጥ ሲጥ ቢልም የሰማይ ድምፅ ነው ብላ ወደደችው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሲጥ የሚል መዘውር ሰምቶ የሚያልፍ የለም። የማንም ይሁን የማን፣ ወጥቶ ግራሶ ቀብቶ ይሄዳል፤ መዘውር ከቆመ በግ ይጠማል። የኔው ጉድ፣ ባሌ ኔቪል፣ ኪት ሐውልቱን እንዲያዳምጥ ቀጠሮ በተያዘበት ዕለት ጠዋት በዚያ ሲያልፍ ሰማ። ለኔ እንኳ ትንፍሽ ሳይል ተንጠላጥሎ ግጥም አድርጎ ቀባው።

ከሰዓት ተሰበሰብን። ሎርና ኪትን ለምና፣ እጁን ይዛ አወጣችው። ክንፉ ዞረ፤ ሲጥታው የለም። ክው አለች።

"ማነው የነካው?"

ኔቪል ባርኔጣውን አውልቆ እሱ መሆኑን ተናገረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወድጄ ያገባሁት ሰው፣ ምን ይደረግ።

ኪት እጁን አነሳ። "እስቲ ዝም በሉ።"

መዶሻው ብረቱን መታ። ቋ። ቋ። ቋ።

"እሱ ነው" አለ፤ እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ። "ሎርኒ፣ ሰሞኑን በመስኮት ስሰማው ሲጥሲጡ ውጦት ነበር። ኮከቤ አልመሰለኝም። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።"

ሎርና ዞራ ኔቪልን አንገቱን አቅፋ ሳመችው። እግዜር ይስጥህ፣ እጅህ ይባረክ አለችው፤ እሱ መግቢያ ጠፋው።

ዛሬ ኪት በየማለዳው ማንም ሳይመራው ምቱን ተከትሎ ይወጣል። ኔቪልም ግራሶውን ይዞ ይመላለሳል። ስለዚያ ዕረፍት የለሽ እጁ ፈጣሪን አመሰግናለሁ፤ ለራሱ ግን አልነግረውም፣ ይኩራራብኛል።