ለመንገደኛ የሚነሳ ጽዋ

የካስፒያን ባሕር ንፋስ አንዴ ከተነሳ የሰው ቀጠሮ አያውቅም። ቱርክመንባሺ ወደብ ላይ ከባድ መኪኖች ተሰልፈዋል፤ የሚያሻግራቸው መርከብ ግን ንቅንቅ አላለም። ሾፌሩ ኑግዛር በመኪናው ተሳቢ ጥላ ሥር በጋዝ ምድጃ ድንች እየቀቀለ ባሕሩን ሰደበው። ድካሙ የዛሬ ብቻ አልነበረም፤ ከፈረንሳይ ዳርቻ ተነስቶ ባሕር ተሻግሮ ኪርጊዝ ተራሮች ድረስ የሚዘልቀው ይህ መንገድ ዕድሜውን በልቶታል። የሚያበግነው ደግሞ፣ ይኸው መንገድ ጆርጂያ ውስጥ፣ ዜስታፎኒ ላይ፣ በገዛ ቤቱ ደጅ ማለፉ ነው።

የሁለቱን ታላላቅ ልጆቹን ሰርግ በስልክ ነው የሰማው። የመጨረሻ ልጁ የኢንጋ ሰርግ ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ ነው።

«አሁንስ ትመጣለህ ወይስ እንደ ልማዳችን ወንበርህ ላይ ፎቶህን እናስቀምጥ?» አለችው ሚስቱ ጺያላ በስልክ።

«ንፋሱን እኔ አላስነሳሁት!»

«መኪናውን ግን ያገባኸው አንተ ነህ።»

አጠገቡ የተሰለፈው የባኩ ሾፌር ሰምቶ ሳቀ። «አይዞህ ወንድሜ፣ ለሰርጉ ባትደርስ ለክርስትናው ትደርሳለህ።»

ኑግዛር አልሳቀም። ይህ ሰርግ ካመለጠው ሌላ የሚድር ልጅ የለውም።

ሐሙስ ንፋሱ ጋብ አለና ወደ ባኩ ተሻገሩ። ከወደቡ እስከ ድንበር፣ ከድንበር እስከ ዜስታፎኒ ዓይኑን እያሸ ነዳ። አንድ ቦታ ጥግ ይዞ መሪው ላይ ደፋ ቢልም የኢንጋ ነገር አባነነው። ቅዳሜ ከሰዓት መኪናውን ደጁ ላይ አቁሞ ወረደ። ኢንጋ ቬሏን እየጎተተች መጥታ ተጠመጠመችበት። ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ከጺያላ አጠገብ ተቀመጠ።

በአገሩ ልማድ እየመረቀ እንግዳውን ጽዋ የሚያስነሳው የጽዋው መሪ የጺያላ ወንድም ዛውር ነበር። ለሀገር አነሳ፣ ለሙታን አነሳ፣ ለሙሽሮቹ አነሳ። ቀጥሎ በዚህ ቤት ድግስ ሁሉ ከማይቀረው ጽዋ ደረሰ።

«አሁን ደግሞ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መንገድ ላይ ላለው። ዛሬም አብሮን ላልሆነው ለኑግዛራችን! የትም ይሁን የት፣ በሰላም ይግባ!»

«በሰላም ይግባ!» ድንኳኑ በሙሉ ብድግ ብሎ፣ እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ስህተቱን ልብ ያለ አልነበረም። ኑግዛርም በድካም ፈዞ አብሯቸው ተነስቶ ነበር። ብርጭቆውን ወደ መንገዱ ዘርግቶ፣ «በሰላም ይግባ» ብሎ ጨለጠው።

ጺያላ ብቻ አልተነሳችም። እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ የኮቱን እጅጌ ጎተተችው።

«ተቀመጥ እንግዲህ» አለችው ቀስ ብላ። «ገብተሃል እኮ።»