ስኳር ያጣው በራሪ ሰው

ጎፋ ልብስ መሸጫዎቹ ደጃፍ ላይ፣ ካባ ለብሶ የሚበረው ጀግና የታተመበት የልጅ ካናቴራ ተሰቅሎ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ልጆቹ ይልበሱት፣ ያምርባቸዋል። እኔን የሚያናድደኝ፣ ያ ሰውዬ ዛሬ በየሱቁ እንዲህ ሲሞገስ፣ በእሱ ሰበብ አባቴን ሕዝብ ፊት ያቆሙት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ "ተሳስተን ነበር" አለማለታቸው ነው።

ያደግሁት በደርግ ጊዜ ነፋስ ስልክ ነው። አባቴ የፋብሪካ ወዛደር ነበር፤ እናቴ ደግሞ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ለሚኖሩ ፈረንጆች ልብስ ታጥብ ነበር። ፈረንጆቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ከአገር ሲወጡ አንድ ካርቶን አሮጌ ዕቃ ትተውላት ሄዱ። ከካርቶኑ ሥር ሰባት የሥዕል መጽሔቶች ነበሩ። በየገጹ ደረቱን የነፋ ሰውዬ ይበራል፣ መኪና በአንድ እጁ ያነሳል፣ ሌባ ያንጠለጥላል። እናቴ ገልጣ አየችና፣ "ውይ! ሙታንታውን ከሱሪው በላይ ያጠለቀውን ነው ጀግና የሚሉት?" ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

አባቴ ግን ወደደው። በዚያው ዓመት ቀበሌያችን መሠረተ ትምህርት ገብቶ፣ በአርባ ምናምን ዓመቱ ፊደል ለይቶ ነበር። ከዚያ በፊት ስሙን እንኳ ጽፎ አያውቅም፤ በየፋብሪካው ወረቀት ላይ በአውራ ጣቱ ነበር የሚፈርመው። መለማመጃ ደብተር እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ እኔ ከሲጋራ ፓኮ ነጩን ወረቀት እየቀደድኩ፣ ከጀግናው አፍ በሚወጣው ክብ ውስጥ ባለው እንግሊዝኛ ላይ በሊጥ እለጥፋለሁ፤ አባቴ በላዩ በአማርኛ ይጽፋል። የሚጽፈው የቀኑን ውሎ ነው። "ዝናብ ጣለ።" "ጫማዬ ተቀደደ።" "ልጄ አንደኛ ወጣች።" ያ ግዙፍ ሰውዬ ሕንፃ ተሸክሞ "ጫማዬ ተቀደደ" ሲል እኛ በሳቅ እንሞታለን። የአባቴ የመጀመሪያ ጽሑፎች በሙሉ እነዚያ መጽሔቶች ውስጥ ነበሩ።

የሠራተኞች ቀን ሲቃረብ የቀበሌያችን ሠዓሊ፣ "የወዛደሩ ክንድ አልወጣልህ አለኝ" እያለ ቤታችን መጣና አንዱን መጽሔት ተውሶ ሄደ። በሳምንቱ የአዳራሹ ግድግዳ ላይ መዶሻ የጨበጠ ወዛደር ተሥሎ አየን። ያው ደረት፣ ያው አገጭ፣ ያው ክንድ። ካባው ቀርቶ ሙታንታው በቱታ ተሸፍኗል እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ሰዉ ሁሉ "እሰይ፣ የእኛ ጀግና እንዲህ ነው!" አለ። የቀበሌው ካድሬም ቆሞ አጨበጨበ። ሠዓሊው ግን መጽሔቱን አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ኖሮ፣ እዚያው ካድሬው እጅ ገባ።

በቀጣዩ እሁድ ሂስና ግለ ሂስ ተብሎ ተሰበሰብን። ካድሬው መጽሔቱን ከፍ አድርጎ፣ "ጓዶች! ይህ ልጆቻችንን የሚበክል የኢምፔሪያሊዝም መርዝ ነው" አለ። ከዚያ ገልጦ አንዱን ክብ ጮክ ብሎ አነበበ። በራሪው ሰውዬ ደመና ላይ ሆኖ፣ "ዛሬም ስኳር የለም አሉኝ። ሰልፉ ግን ረጅም ነው" ይላል።

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቁን አፈነ።

"አያችሁ? የኅብረት ሱቃችንን እያጥላሉ ነው! ይህን ከእንግሊዝኛ የተረጎመው አድኃሪ ማነው?"

ጉድ በሉ! ባሕር ማዶ የተቀመጠ ፈረንጅ የነፋስ ስልክን የስኳር ሰልፍ ከየት አወቀው? ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ይህን የጠየቀ አንድም አልነበረም።

"እኔ ነኝ" ልል ስነሳ አባቴ ትከሻዬን ይዞ፣ "አንቺ ቁጭ በይ" አለኝና ራሱ ቆመ።

"ትርጉም አይደለም፣ ጓድ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ጻፉ ብላችሁ አስተማራችሁኝ፣ ጻፍኩ። የቆምኩበትን ሰልፍ ነው የጻፍኩት።"

ሠዓሊው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ከካድሬው ጀርባ ደግሞ ያ ወዛደር መዶሻውን እንደጨበጠ ቆሟል። ሥዕሉ ከጀርባ፣ መጽሔቱ በእጅ! ዓይን ያለው ሰው እንዴት ሁለቱን ክንዶች አያስተያይም? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አባቴን "ፊደልን ለጠላት መሣሪያ አድርጌያለሁ" ብሎ ግለ ሂስ እንዲያደርግ አስገደዱት። ሁለት ጊዜ አስደገሙት፤ መጀመሪያ ድምፁ አልተሰማም ብለው። የቀሩትን ስድስት መጽሔቶች ከቤት እንዳመጣ ያዘዙት እኔን ነው። በገዛ እጄ ተሸክሜ አመጣኋቸው፤ ከአዳራሹ ጀርባ ከሰባተኛው ጋር ክምር አድርገው ክብሪት ጫሩባቸው። "ልጄ አንደኛ ወጣች" የሚለውም አብሮ ነደደ። ግድግዳው ላይ ያለውን ግን ማንም አልነካውም፤ በየዓመቱ ቀለም እያደሱ አቆዩት።

ደርግ ከወደቀ ከስንት ዓመት በኋላ አባቴን መታወቂያ ላሳድስለት ቀበሌ ወሰድኩት። ከዚያ እሁድ ወዲህ እስክሪብቶ ሲይዝ አይቼው አላውቅም ነበር። ጸሐፊዋ ትሁት ልጅ ነበረች። "አባባ፣ እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ" ብላ እስክሪብቶዋን ዘረጋችለት።

"አልተማርኩም፣ ልጄ" አላትና አውራ ጣቱን ወደ ቀለሙ ሰደደ።